የሶፍትዌር የቅጅ መብት ምንድን ነው?

የአንድ ፋርማሲ ፕሮግራም እንውሰድ። መድኃኒቶቹን ይመዘግባል፤ የአገልግሎት ጊዜያቸው ሊያልፍ 90 ቀን ሲቀረው ስማቸውን በቀይ ያሳያል። ይህን ያየ ሌላ ፕሮግራመር ከባዶ ተነሥቶ የራሱን ኮድ (ኮምፒዩተሩ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች ጽሑፍ) ቢጽፍና የእሱም ፕሮግራም 90 ቀን ሲቀረው በቀይ ቢያሳይ ጥፋት የለበትም። የመጀመሪያውን ኮድ ገልብጦ ስሙንና ሎጎውን ብቻ ቢቀይር ግን የሰው ንብረት ወስዷል። የሶፍትዌር የቅጅ መብት የሚጠብቀው ኮዱን እንጂ ሐሳቡን አይደለም።

በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ እኩል ይጠብቀዋል። ፓተንት፣ ማለትም ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጠው የብቸኝነት መብት፣ እዚህ አይሠራም፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ፓተንት እንደማይሰጥ ደንግጓል። የቅጅ መብት ደግሞ ኮዱ ተጽፎ ሴቭ ሲደረግ ይጀምራል፤ ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ጠብ ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል።

መገልበጡ እንዴት ይታወቃል? አንድ ጊዜ የሁለት ፕሮግራሞችን ኮድ ጎን ለጎን ከፍቼ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ውስጥ ጸሐፊው የአንድ ቫርያብል (ፕሮግራሙ መረጃ የሚይዝበት ቦታ) ስም ላይ ፊደል ገድፏል። ያችው ግድፈት በሁለተኛውም ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊመጣላቸው ይችላል፤ አንድ ዓይነት ስሕተት አንድ ቦታ ላይ መሥራት ግን ይከብዳል።

ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች የሚጎዱት ግን በባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። «እኔ ስለጻፍኩት የእኔ ነው» ይላሉ። አዋጁ እንዲህ አይልም። ተቀጥሮ ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ለፋርማሲው በቃል ተስማምቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሠራ ልጅ ያንኑ ኮድ ለሌላ ፋርማሲ ሲሸጥ፣ ሳያውቀው የደንበኛውን መብት እየነካ ሊሆን ይችላል። የሚቀርለት የሞራል መብቱ ነው፤ የሥራው ደራሲ እሱ መሆኑ እንዲታወቅለት መጠየቅ ይችላል። በእኔ እምነት ይህ ድንጋጌ ውል የመጻፍ ልማድ ለሌለው ፕሮግራመር ከባድ ነው። መፍትሔው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የኮዱ ባለቤትነት የሠሪው ሆኖ ይቀጥላል፤ ደንበኛው የመጠቀም ፈቃድ ይኖረዋል።» ይህ በውሉ ላይ ሰፍሮ ሁለቱም ከፈረሙበት ባለቤትነቱ የሠሪው ይሆናል።

ደንበኛውስ? መጽሐፍን ለግል ጥቅም አንድ ቅጅ ማባዛት ይፈቀዳል፤ ይህ ፈቃድ ፕሮግራምን አይጨምርም። ሆኖም ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ዋናው ቢበላሽ የሚተካው አንድ መጠባበቂያ ቅጅ መያዝ ይችላል። በፍላሽ ገልብጦ መሳቢያው ውስጥ ቢያስቀምጠው ማንም አይጠይቀውም። ያንኑ ፍላሽ ለጎረቤት ፋርማሲ «ጫንበት» ብሎ ቢሰጥ ግን የመብት ጥሰት ነው፤ ሆን ተብሎ ለሚፈጸም ጥሰት አዋጁ ያስቀመጠው ቅጣት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።