«የቤተሰብ ጠቅላላ ገቢ» ሲባል ምን ይደመራል?

ፎርም ላይ ይህን ሲያይ ብዙ ሰው የራሱን ደሞዝ፣ ያውም እጁ የገባውን ብቻ ጽፎ ያልፋል። የሚፈለገው ግን አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች ገቢ በሙሉ ነው፤ ግብሩም፣ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮም ሳይቀነስ።

ድሬዳዋ ያለ አንድ ቤት እንውሰድ። የአባት ደሞዝ ሳይቆረጥ 12,000 ብር ነው እንበል። እናት ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሸጣ 5,000 ይተርፋታል፣ ሰርቪስ ቤቷ በ3,000 ተከራይታለች፣ ጅቡቲ ያለው አጎት በየወሩ 4,000 ይልካል። ድምሩ 24,000። የእናትየዋ ላይ ልብ በሉ፦ የሚጻፈው ሽያጯ ሳይሆን የሽንኩርቱ መግዣና የባጃጁ ወጥቶ የቀረው ነው። ብዙው ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው።

ብድር ገቢ አይደለም። የዕቁብ ዕጣም አይደለም፣ የራስ ብር ነዋ! አዲስ አበባ የሚኖረው ልጅ ደሞዙ አይደመርም፤ በየወሩ የሚልከው ግን ይደመራል።