ኒቁድ ምንድን ነው? ሕፃናት ዕብራይስጥ ማንበብ የሚጀምሩባቸው ምልክቶች

ኒቁድ በዕብራይስጥ ፊደላት ሥር፣ በላያቸው ወይም በሆዳቸው ውስጥ የሚቀመጡ ነጥቦችና አጫጭር ሰረዞች ናቸው፤ ዋና ሥራቸውም ፊደሉ በየትኛው አናባቢ እንደሚነበብ ማመልከት ነው። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ሲሆኑ ሁሉም ተነባቢዎች ናቸው። እኛ «ቡ» የሚለውን ስናይ ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ጊዜ እናገኛለን፤ ቤት የተባለው የዕብራይስጥ ፊደል ግን ብቻውን ሲቆም ባ ይሁን ቢ ወይም ቦ ምንም አይናገርም። ቋንቋውን የሚያውቅ አዋቂ የጎደለውን ከልምዱ ሞልቶ ያነባል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ገና ልምዱ የለውም፤ ስለዚህ በእስራኤል የአንደኛ ክፍል መማሪያዎች፣ የሕፃናት ተረት መጻሕፍትና የጸሎት መጽሐፉ ሲዱር በሙሉ ኒቁድ ተደርጎባቸው ይታተማሉ።

ያለ ኒቁድ ምን ያህል እንደሚጠፋ ለማየት አንድ ቃል ይበቃል። ሳሜኽ፣ ፔ እና ሬሽ የተባሉት ሦስት ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ «ሴፌር» ተብለው ከተነበቡ መጽሐፍ፣ «ሳፓር» ከተባሉ ፀጉር አስተካካይ፣ «ሳፋር» ከተባሉ ደግሞ «ቆጠረ» ማለት ይሆናሉ። አዋቂው የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ተከትሎ ትክክለኛውን ይመርጣል። ሕፃኑ ግን ሐሳቡን የሚያገኘው ቃሉን ካነበበ በኋላ ነው፤ ቃሉን ለማንበብ ሐሳቡን አስቀድሞ እንዲያውቅ መጠየቅ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነው።

ምልክቶቹ ከፊደሉ ውጭ መቀመጣቸው የራሱ ታሪክ አለው። ዕብራይስጥ በጥንት ዘመን ያለ አናባቢ ምልክት ይጻፍ ነበር፤ ጥቂት ፊደላት ብቻ አልፎ አልፎ ረጅም አናባቢን ለማመልከት ይረዱ ነበር። ቋንቋው የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ መሆኑ ሲቀር የቅዱሳት መጻሕፍቱ ትክክለኛ ንባብ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዳይፋለስ የሰጉ ማሶሬቶች የሚባሉ ሊቃውንት፣ በተለይ በገሊላ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በጥብርያዶስ ከተማ፣ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ዛሬ የምናውቀውን ሥርዓት አዳበሩ። የተቀደሰውን ጽሑፍ ፊደል መጨመርም መቀነስም ስለማይቻል ፊደሉን ሳይነኩ ምልክቱን በዙሪያው አኖሩ። በዚህ ሥርዓት የተጻፈውና እስከ ዛሬ ተሟልቶ የቆየው እጅግ ጥንታዊው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1008 ገደማ በካይሮ የተገለበጠው ሲሆን፣ አሁን በሩሲያዋ በሴንት ፒተርስበርግ ይገኛል።

የግዕዝ ሊቃውንት ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው፣ በ4ኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ ለዚሁ ችግር ሌላ መፍትሔ አግኝተው ነበር፤ እነርሱ አናባቢውን ከፊደሉ አካል ጋር አዋሕደው እግሩን በማስረዘም፣ ቀለበት በመጨመር ወይም ጎኑን በመቀጠል ሰባት ቤት አወጡለት። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም ሕፃናትን በማስተማር ረገድ ብዙ ነገር ይወስናል። የእኛ አናባቢ ከፊደሉ አይለይም፤ የዕብራይስጡ ግን ከውጭ የተቀመጠ በመሆኑ ሊነሣ ይችላል፣ ኋላም ይነሣል። ዕብራይስጥ የሚማር ልጅ መንገዱ በሙሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ መጀመሪያ በኒቁድ ይማራል፣ ከዚያ ኒቁዱን ይተዋል።

ዛሬ በእስራኤል የሚነገረው ዕብራይስጥ አምስት አናባቢ ድምፆች አሉት። የፊደል ገበታ ለቆጠረ ሰው በራብዕ፣ በኃምስ፣ በሣልስ፣ በሳብዕና በካዕብ ቢያስባቸው ይቀርባሉ። ከፊደሉ ሥር የተሰመረው አግድም ሰረዝ ፓታሕ ይባላል፤ ከሰረዙ መካከል ወደ ታች ትንሽ እግር ከወጣለት ቃማጽ ይሆናል፤ ሁለቱም በዛሬው ንግግር ራብዕ ናቸው። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ነጥቦች ጼሬ፣ አንዱ ወደ ታች ወርዶ በሦስት ማዕዘን የተደረደሩት ሦስት ነጥቦች ደግሞ ሴጎል ይባላሉ፤ ሁለቱም ወደ ኃምስ ይጠጋሉ። አንዲት ነጥብ ከሥር ስትሆን ሒሪቅ፣ ማለትም ሣልስ ናት፤ ከላይ በግራ በኩል ስትሆን ሖላም፣ ማለትም ሳብዕ ትሆናለች። ካዕቡ በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ ወይ ከፊደሉ ቀጥሎ ቫቭ ተጽፎ ነጥቡ በቫቩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም ሦስት ነጥቦች ከፊደሉ ሥር በሰያፍ ይወርዳሉ። ሽቫ የሚባሉት አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ብዙ ጊዜ ተነባቢው ያለ አናባቢ መቅረቱን ያመለክታሉ፤ ይህም ከሳድሳችን ጋር የሚቀራረብ ነው።

አንድ ልጅ የመጀመሪያውን ቃል እንዴት እንደሚያነብ ቀረብ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። ቃሉ በአማርኛም የምናውቀው «አባ» ነው እንበል። ልጁ ከቀኝ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያገኘው አሌፍ ነው፤ አሌፍ የራሱ ድምፅ እምብዛም ስለሌለው ከሥሩ ያለውን ሰረዝ አይቶ «አ» ይላል። ቀጥሎ ቤት አለ፤ በሆዷ ውስጥ ነጥብ ስላለባት «በ» እንጂ «ቨ» አይደለችም፤ ከሥሯ ቃማጽ ስላለ «ባ» ትሆናለች። መጨረሻ ላይ ሌላ አሌፍ አለ፤ ምልክት ስለሌለው ዝም ይላል። አ፣ ባ፤ አባ። ልጁ በዚህች አንዲት ቃል አቅጣጫን፣ ከሥር ማየትን፣ ነጥብ ድምፅን እንደሚለውጥና ዝም የሚል ፊደል መኖሩን ተምሯል። ጥሩ መምህር ቃሉን በፍጥነት እንዲያልፈው አይገፋውም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ጣቱን አስቀምጦ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያወጣ ያስለምደዋል። «ቤት፣ ቃማጽ፣ ባ» እያሉ ስሙን ከማነብነብ ይልቅ ተነባቢውና አናባቢው እንደ አንድ ቀለም «ባ» ተብለው ቢወጡ ይሻላል። የምልክቶቹን ስም ማወቅ በኋላ ለሰዋስው ያስፈልጋል፤ ለንባብ ጅማሬ ግን ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ።

ሸክሙን ከቁጥር አንፃር ብናየው የዕብራይስጡ ልጅ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። የእኛ ገበታ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል፤ እርሱ ግን 22 ፊደልና ከአሥር ጥቂት የሚበልጡ ምልክቶችን ካወቀ፣ በቃል መጨረሻ ቅርጻቸውን የሚለውጡትን አምስት ፊደላት (ካፍ፣ ሜም፣ ኑን፣ ፔ እና ጻዲ) ጨምሮ፣ በኒቁድ የተጻፈውን ማንኛውንም ቃል ቢያውቀውም ባያውቀውም ማንበብ ይችላል። ፓታሕ በየትኛውም ፊደል ሥር ያው ፓታሕ ነው። ችግሩ በዓይን ላይ ነው፤ የልጁ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ማየት አለበት፣ ምልክቱም ከፊደሉ በጣም ያነሰ ነው። ለጀማሪ የሚታተሙት መጻሕፍት በትልልቁ የሚጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ምልክቱን ዘሎ በሥዕሉ እየተመራ ቃሉን መገመት ከጀመረ ቶሎ መመለስ ይገባል፤ ግምት አንዴ ከለመደ ለማስተው ያስቸግራል።

ፊደላቱ ራሳቸውም ወጥመድ አላቸው። ዳሌት ማዕዘኑ ሹል ነው፣ ሬሽ ግን ክብ ነው፤ ቤት ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ጭራ አላት፣ ካፍ ግን የላትም፤ ሄ በግራ በኩል ክፍተት አላት፣ ሔት ግን ዝግ ናት። እነዚህ በሕፃን ዓይን አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ዳሌትንና ሬሽን በአንድ ሳምንት ማስተማር አይመከርም፤ አንዱ በሚገባ ከጸና በኋላ ሌላው ቢመጣ ይሻላል። ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የአይሁድ ጸሐፍት ከጥንት ያውቁት ነበር፦ በዘዳግም 6፥4 «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» በሚለው ጥቅስ መጨረሻ «ኤሓድ» ማለትም «አንድ» የሚለው ቃል ዳሌቱ በትልቁ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያትም ዳሌቱ ሬሽ ሆኖ ቢነበብ ቃሉ «ሌላ» ማለት ስለሚሆን ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚቀሩት ጥቂት አስቸጋሪ ነገሮች ናቸው። ሽቫ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ቃማጽ በጥቂት ቃላት ውስጥ «ኦ» ተብሎ ይነበባል። በቃል መጨረሻ ላይ ያለች ሔት ከሥሯ ፓታሕ ካለባት አናባቢው ከተነባቢው በፊት ይነበባል፤ ፖም «ታፑአሕ» እንጂ «ታፑሓ» አይባልም። እነዚህን በሕግ ከማስረዳት ይልቅ ልጁ ቃሉን በጆሮው ስለሚያውቀው በቃሉ ውስጥ ማሳየት ይበቃል።

የድሮው ትምህርት ቤት፣ ሔዴር የሚባለው፣ ከቄስ ትምህርት ቤታችን ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በመካከለኛው ዘመን በጀርመንና በፈረንሳይ የነበሩ አይሁድ ልጁን መጀመሪያ ለመምህሩ ሲያስረክቡ በሰሌዳ በተጻፈው ፊደል ላይ ማር ቀብተው እንዲልስ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ልጁ ፊደሉንና ምልክቱን በዜማ እየጠራ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አነጋገር «ቆሜጽ አሌፍ፣ ኦ» እያለ፣ ይቆጥራል፤ ማንበብ ሲችልም ኦሪት ዘሌዋውያንን ይጀምራል። እኛ ዘንድ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ብሎ ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ በመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት የሚሻገር ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አቡጊዳ ራሱ የፊደሎቹን ተራ ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ጋር ይጋራል፤ የእነዚህን ፊደላት ስምም 176 ቁጥር ባለው መዝሙር 118፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 119፣ በየስምንቱ ቁጥር ራስጌ የዳዊት ደጋሚ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ይህን ያነሣሁት በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ነው። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነብ የኖረ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ከገቡት ውስጥ አብዛኞቹ ዕብራይስጥን የተማሩት አድገው ነው። በዚህ ምክንያት ልጃቸውን በንባብ መርዳት እንደማይችሉ አድርገው የሚያስቡ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ፊደል የቆጠረ ሰው ተነባቢና አናባቢ እንደ አንድ ቀለም እንደሚነበቡ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ምልክቶቹን ለመለየት ደግሞ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ወላጁ የቃሉን ትርጉም ባያውቅ እንኳ ልጁ ኒቁዱን በትክክል ማንበቡን መስማትና ማረም ይችላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ኒቁዱ የሚነሣበት ነው። ከሦስተኛ ክፍል ገደማ ጀምሮ ልጆች ያለ ምልክት ወደተጻፈ ጽሑፍ ይሸጋገራሉ፤ ጋዜጣው፣ የመንገድ ምልክቱ፣ የስልክ መልእክቱ ሁሉ እንደዚያ ነው። ጽሑፉ አናባቢውን ለማመልከት ቫቭና ዮድ የተባሉትን ፊደላት አብዝቶ ይጨምራል፤ ዋናው መመሪያ ግን የልጁ የቃላት ክምችትና የግሦቹ እርባታ ነው። ስለዚህ በኒቁድ ብዙ ያነበበ ልጅ ይቀለዋል፣ ጥቂት ያነበበ ይቸገራል፤ በቤት ውስጥ ዕብራይስጥ የማይነገርለት ልጅ ደግሞ የኒቁድ መጻሕፍትን ረዘም ላለ ጊዜ ቢያነብ አያሳፍርም። ምኵራብ ውስጥ ያለው የኦሪት ጥቅልል እንኳ ያለ ኒቁድ ስለሚጻፍ፣ በ13 ዓመቱ ለባር ሚጽቫ፣ ማለትም የሃይማኖቱን ትእዛዛት ለመጠበቅ ኃላፊነት ለሚረከብበት ሥነ ሥርዓት፣ የሚዘጋጅ ልጅ አንዱ ዓምድ ኒቁድ ያለበት፣ ሌላው ዓምድ እንደ ጥቅልሉ ባዶ የሆነ መጽሐፍ ይዞ ነው የሚለማመደው።

አዋቂዎችም ቢሆኑ ኒቁድን ፈጽመው አይተዉትም። ግጥም በኒቁድ ይታተማል፤ ጋዜጣም የማይታወቅ የውጭ ስም ሲያጋጥመው በአንዱ ፊደል ላይ ብቻ ምልክት ያኖራል። የእኛ ስሞች ይህ በእጅጉ ያስፈልጋቸዋል። «መሠረት» የምትባል ልጅ ስሟ በዕብራይስጥ ያለ ምልክት ሲጻፍ አራት ተነባቢዎች ብቻ ይቀራሉ፤ አዲሷ መምህርት «ማስራት» ብላ ብትጠራት አያስደንቅም። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ሥር ሴጎል ቢደረግ ግን ንባቡ ወደ «ሜሴሬት» ይጠጋል፤ የእኛን ግዕዝ ቤት በትክክል የሚያወጣ ምልክት በዕብራይስጥ ስለሌለ ከዚህ በላይ መቅረብ ያስቸግራል። ወላጆች በመዋዕለ ሕፃናትና በትምህርት ቤት መመዝገቢያ ላይ የልጃቸውን ስም ኒቁድ አድርገው ቢያስጽፉት መልካም ነው፤ ልጁም ከማንበቡ በፊት የራሱን ስም ምልክቶች ለይቶ ቢያውቅ የመጀመሪያው ትምህርቱ ይሆናል።