ክላውድ ፖይንት ምንድን ነው? ባዮዲዝል ብርድ ሲመታውስ ምን ይሆናል?

ክላውድ ፖይንት ማለት ነዳጅ እየቀዘቀዘ ሄዶ የመጀመሪያዎቹ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብቅ የሚሉበት ሙቀት ነው፣ ጠርቶ የነበረው ነዳጅ ደፍረስ ሲል በዓይን ይታያል። ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይት ወይም ከእንስሳት ስብ የሚሰራ የናፍጣ ምትክ) የሚጠቀም ሰው ከሁሉም በፊት ማወቅ ያለበት ቁጥር ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ብርድ ላይ ሞተር አልሰራ ሲል ሁሉም የሚወቅሰው የነዳጁን ውፍረት ነው፣ ዋናው ጥፋተኛ ግን ክሪስታሉ ነው።

መወፈሩ እርግጥ ነው። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ባዮዲዝል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ነው፣ ተራው ናፍጣ ከ2 እስከ 4 አካባቢ፣ ምንም ያልተደረገበት የአትክልት ዘይት ደግሞ 30 እና ከዛ በላይ ይሄዳል (ዘይቱን ከሜታኖል ጋር አዋህዶ ግሊሰሪኑን ማውጣት ያስፈለገበት ትልቁ ምክንያት ይሄን ውፍረት ለማውረድ ነው)። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የባዮዲዝሉ ውፍረት ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ፖምፓው ይከብደዋል፣ ኢንጄክተሩም ነዳጁን አድቅቆ መርጨት ስለሚያቅተው ጭስ ይበዛል አነሳሱም ይጎተታል። ግን ቢወፍርም ፈሳሽ ነው፣ ይሄዳል። መኪናውን ቀጥ የሚያደርገው ክሪስታሉ ነው፣ ፊልትሮው ላይ እየተለጠፈ ይደርብና መንገዱን ይዘጋዋል፣ ሞተሩ ይነሳል ትንሽ ይሄዳል ከዛ ነዳጅ ሲያጣ ይጠፋል፣ ታንከሩ ግን ሙሉ ነው።

ክሪስታሉ ከየት መጣ ካላችሁ ከራሱ ከስቡ ነው። ማንኛውም ዘይት ውስጥ ቶሎ የሚረጋም የማይረጋም ፋቲ አሲድ (ስብ የሚገነባበት ንጥረ ነገር) ተቀላቅሎ አለ፣ ወደ ባዮዲዝል ሲቀየርም ያ ጠባይ አብሮት ይሻገራል። ባዮዲዝል የእነዚህ የተቀየሩ ፋቲ አሲዶች ድብልቅ ነው፤ ከነሱ ሜቲል ስቴሬት የሚባለው ለብቻው ቢቀመጥ የሚቀልጠው 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ሜቲል ፓልሚቴት 30 ገደማ፣ ሜቲል ኦሌት ግን ከዜሮ በታች 20 አካባቢ ካልደረሰ አይረጋም። ስለዚህ "ባዮዲዝል ስንት ዲግሪ ላይ ይረጋል?" የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፣ ከምን ተሰራ ብላችሁ ጠይቁ። የካኖላ (የጎመን ዘር ዓይነት) ዘይት ከሆነ ክላውድ ፖይንቱ ከዜሮ በታች 3 አካባቢ ነው፣ የአኩሪ አተር ዜሮ አካባቢ፣ የፓልም ዘይትና የከብት ሞራ ከሆነ ግን 13 እና 15 ዲግሪ ላይ ሁሉ መደፍረስ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ብርድ እንኳን የሚባል አይደለም!

ከክላውድ ፖይንት ዝቅ ሲል ሌላ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው ነዳጁ ፊልተር የሚዘጋበት ሙቀት ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ነዳጅ በ45 ማይክሮን ወንፊት በ60 ሰከንድ ማለፍ ሲያቅተው ማለት ነው። ሁለተኛው ፖር ፖይንት ነው፣ ከዛ በታች ጭራሽ አይፈስም። ፖር ፖይንቱን ብቻ አይቶ "ገና ብዙ ይቀረኛል" የሚል ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ፊልትሮው ከዛ ቀድሞ ስለሚዘጋ።

አንድ ተንኮለኛ ነገር ደግሞ አለ፣ በደንብ ያልጠራ ባዮዲዝል ውስጥ የቀሩ ሞኖግሊሰራይዶችና ስቴሮል ግሉኮሳይዶች (ከዘይቱ የተረፉ ቆሻሻዎች) ከክላውድ ፖይንት በላይም ቀስ እያሉ ይዘቅጣሉ፣ ሙቀቱ ሲመለስም ሁልጊዜ ተመልሰው አይሟሙም።

መፍትሄው ምንድን ነው? ዋናው ከተራ ናፍጣ ጋር መቀላቀል ነው። 20 በመቶ ባዮዲዝል ያለው ነዳጅ ከንጹሁ በጣም የተሻለ ብርድ ይችላል፣ 5 በመቶ ከሆነ ከተራው ናፍጣ ያለው ልዩነት ብዙም አይታወቅም። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ህጉ ራሱ በሞቃቱ ወራት 20 በመቶ በብርዱ ወራት 5 በመቶ የሚለው ለዚህ ነው። ነጭ ጋዝ ጨምሮ ማቅጠንም ይሰራል። የማይረጋ ዘይት ብቻ መርጦ መስራትስ? ይቻላል፣ ግን ብርድ የሚችለው ዘይት ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይበላሻል፣ ብዙ ጊዜ ማስቀመጥ አይሆንም።

አዲቲቭ የሚባሉት ፈሳሾች ክላውድ ፖይንቱን ብዙም አይነኩትም፣ የሚያደርጉት ክሪስታሎቹ ትልልቅ ሆነው እንዳይያያዙ መከልከል ነው፣ ንጹህ ባዮዲዝል ላይ ደግሞ ጉልበታቸው ትንሽ ነው። ስለዚህ መጨመር ያለባቸው ነዳጁ ገና ሞቅ እያለ ነው፣ አንዴ ከረጋ በኋላ ግን መጀመሪያ ነዳጁንና ፊልትሮውን ማሞቅ ነው ያለው።