ፖፕ እና አይማፕ፦ ደብዳቤው የት ነው የሚቀመጠው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ በቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ የኢሜይል ፕሮግራም ካስገቡ በኋላ የቆዩ መልእክቶቻቸው ከስልካቸው እንደጠፉ በድንጋጤ ነገሩኝ። ቅንብሩን ስንከፍተው የመቀበያው ፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 995 ይላል። ፖፕ እና አይማፕ ኢሜይል የምንቀበልባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ 995 የተመሰጠረው የፖፕ ቁጥር ሲሆን የተመሰጠረው የአይማፕ ቁጥር 993 ነው።

ፖፕ መልእክቱን ከሰርቨሩ (ኢሜይሉን ከሚያስቀምጠው የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተር) ወደ ቤት ኮምፒዩተሩ ያወርዳል፤ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ እንዲቀር የሚያዝዘው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት ደግሞ ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል፣ ስለዚህም ስልኩ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። አይማፕ በአንጻሩ ዋናውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ለሁሉም መሣሪያ አንዱኑ የመልእክት ሳጥን ያሳያል፤ እርግጥ በአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሰረዛል፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

እንደ ተንደርበርድ ባሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች የፖፕ አካውንትን እዚያው ወደ አይማፕ መለወጥ ስለማይቻል፣ ያንኑ አድራሻ በአይማፕ እንደ አዲስ መጨመር፣ ከዚያም የወረዱትን መልእክቶች ወደ አዲሱ አካውንት ማኅደር መቅዳት ያስፈልጋል፤ ሲቀዱ ተመልሰው ሰርቨሩ ላይ ይወጣሉ። አሮጌውን አካውንት መቅዳቱ ሳያልቅ መሰረዝ ግን አደገኛ ነው፤ ብቸኛው ቅጂ ያለው እዚያ ነውና። መላኪያው ኤስኤምቲፒ ከሁለቱም የተለየ ስለሆነ በዚህ ለውጥ አይነካም።