ኒውሮፕላስቲሲቲ ምንድን ነው? ጣት ሲያነብ አንጎል ምን ይሠራል?

ዩኒቨርሲቲ እያለን መብራት ሲጠፋ ዶርማችን ውስጥ ሁሉም ደብተሩን ያጥፍ ነበር። አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛችን ሲቀር። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወፍራሙን የብሬል፣ ማለትም በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት፣ ጥራዝ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀጥላል። በጨለማው ውስጥ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ሸርተት ሸርተት ሲል ይሰማናል። አንድ ምሽት ጣቴን ይዞ ነጥቦቹ ላይ አሳረፈውና «ምን ይላል?» አለኝ። ምንም አይልም። አሸዋ የተበተነበት ወረቀት የነካሁ ነው የመሰለኝ። እሱ ያንኑ መስመር ሳይደናቀፍ አነበበልኝ።

ይህ ሰው የሚያነበው በየትኛው የአንጎሉ ክፍል ነው? ጥያቄው ለዓመታት አልለቀቀኝም። መልሱን ሳገኘው ደግሞ የበለጠ ገረመኝ።

ዓይን ያየውን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ያለው ከኋላ ነው፤ ከማጅራታችን ከፍ ብሎ። ከልጅነቱ ጀምሮ በማያይ ሰው ላይ ይህ ቦታ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ይመስል ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ኖሪሂሮ ሳዳቶ ከአሜሪካ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የብሬል አንባቢዎችን አንጎል ፔት በሚባል የምስል መሣሪያ ተመለከተ። ጣታቸው ነጥቦቹን ሲያነብ ያ የኋላ ክፍል ሥራ ላይ ነበር። ዓይናቸው የሚያይ ሰዎች በጣታቸው ሲዳስሱ ግን ይኸው ክፍል አልተነሣም።

እርግጥ አንድ ክፍል ተነቃቃ ማለት ለሥራው ያስፈልጋል ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በዓመቱ ሌላ ሙከራ ተደረገ። አንባቢዎቹ ብሬል እያነበቡ ሳለ ተመራማሪዎቹ በማግኔት ምት ያንን የኋላ ክፍል ለአፍታ አወኩት። ንባቡ ተበላሸ። አንዳንዶቹ ነጥብ እንደጎደለባቸው ተናገሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነጥብ ተሰማቸው። ጣታቸው ያለበት ነው፤ የተነካው አንጎላቸው ነው።

ከዚያ በ2000 እ.ኤ.አ. የአንዲት ሴት ታሪክ ታተመ። ስትወለድም ዓይነ ስውር ናት፤ ብሬል አቀላጥፋ ታነብ ነበር። በስትሮክ የአንጎሏ የኋላ ክፍል በግራም በቀኝም ተጎዳ። እጇ ደህና ነው፣ ዕቃ ዳስሳ ትለያለች። ብሬል ግን ማንበብ አቃታት። ለሚያየው ሰው የማየት ያልነው ክፍል ለእሷ የማንበቢያ ክፍሏ ሆኖ ኖሯል።

ኒውሮፕላስቲሲቲ የሚባለው ይህ ነው። በአማርኛ የአንጎል ተለማጭነት ብንለው ያስኬዳል። አንጎል እንደ ኑሯችንና እንደ ልምምዳችን የክፍሎቹን ሥራና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ይለውጣል ማለት ነው።

ታዲያ የጣት መልእክት እስከዚያ በምን መንገድ ይደርሳል? እዚህ ላይ አንድ የምወደው ሙከራ አለ። ዓይናቸው የሚያይ ጎልማሶች ለአምስት ቀን ዓይናቸው ታስሮ ብሬል ሲማሩ ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን የማየት ክፍላቸው ለጣት መልስ መስጠት ጀመረ። ዓይናቸው ተፈትቶ አንድ ቀን ሲያልፍ ለውጡ ጠፋ። በአምስት ቀን ይህን ያህል አዲስ መስመር አይዘረጋም። መንገዱ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ታክሲዎቹ ውስጥ ለውስጥ እንደሚገቡት ነው፤ ሰፈሩን ያቋረጠው ኮብልስቶን ድሮም አለ፣ የሚሄድበት አልነበረም እንጂ። ከልጅነቱ በማያይ ሰው ላይ ደግሞ ያ የውስጥ መንገድ በዓመታት ምልልስ ዋና መንገድ ይሆናል።

እኛ ዘንድ «እግዜር አንዱን ሲነሳ ሌላውን ይሰጣል» ይባላል። ቅን አባባል ነው። ግን የጓደኛዬን ድካም ይደብቅብኛል። ጣቱ እንዲያ ሆኖ አልተወለደም። ብሬል በሚያነቡ ሰዎች አንጎል ውስጥ ለማንበቢያዋ ጣት የተሰጠው ቦታ ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኝቷል። ያሰፋው ልምምድ ነው።

የፊደሉም አሠራር ለጣት የተመቸ ነው። ሉዊ ብሬል በፈረንሳይ በ1809 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ሁለተኛውም ዓይኑ ተከትሎ ጠፋ። ከእሱ በፊት ሻርል ባርቢዬ የሠራው የነጥብ ጽሕፈት እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ ስለነበረው ከጣት ጫፍ ያልፋል። ብሬል በ15 ዓመቱ ወደ ስድስት አወረደው። አንድ ፊደል በአንድ ንክኪ ከጣት ሥር ገባ። የሚጻፍበት ስታይለስም ከወስፌ ብዙም አይለይ።

የእኛ ፊደል ወደ ብሬል ሲገባ ይተረተራል። በቀለም «ሉ» ብለን አንድ ፊደል የምንጽፈው በብሬል «ል» እና «ኡ» ሆኖ ሁለት ቦታ ይይዛል። የአማርኛ ብሬል መጽሐፍ እንዲያ የሚወፍረው በከፊል ለዚህ ነው።

ዕድሜ ግን ወሳኝ ነው። ሳዳቶ በኋላ ባደረገው ጥናት የመጀመሪያው የማየት ክፍል ብሬል ሲነበብ የተሳተፈው 16 ዓመት ሳይሞላቸው ማየት ባቆሙት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ያጣ ሰውም ብሬል ይለምዳል፤ ዳገቱ ይበረታበታል እንጂ። ስለዚህ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ «ስልኩ ያነብለታል» ተብሎ ብሬል ሳይማር ሲያድግ ከልቤ ይከፋኛል። ስልኩ ትልቅ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ግን «ሠ»ን ከ«ሰ» ጆሮ አይለይም። አረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ፣ ቃል የት እንደሚቆረጥ በእጁ ያልዳሰሰ ልጅ ሲጽፍ ይቸገራል።

ጓደኛዬ አሁን መምህር ነው። አንድ ቀን ክፍሉ ገብቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ፊደል ገና አልጀመሩም፤ መጀመሪያ የሚያስተምራቸው አነካክ ነው። ጣት ከተጫነ ነጥቡ ይደፈጠጣል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል። አንዷን ልጅ እጇን ከሥር ደግፎ መስመሩ ላይ አስኬዳት። «ቀስ በይ የኔ እናት» አላት። «የእንጀራ ዓይን እንደምትነኪ። እንዳይጠፋብሽ።»