«በእኔ ኑሩ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጌታ ከመሰቀሉ በፊት በነበረችው ምሽት ለደቀ መዛሙርቱ «በእኔ ኑሩ እኔም በእናንተ» አላቸው። ዮሐንስ 15 ላይ ነው። ብቅ በሉ አላለም፤ ኑሩ ነው ያለው። እኛ ሰሜን ሸዋ ያደግን ሰዎች ክርስትናን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ሆኖም ስለዚህ ቃል ስናወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች አሉ። አብዛኞቹን እኔም አምኜባቸው ኖሬያለሁ።

«እሱ የመነኮሳት ነው።»

ደብረ ሊባኖስ ተሳልመን ስንመለስ የምንላት ናት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው ጸለዩ፤ እኛማ የት ደርሰን! መልሱ ግን እዚያው ገድላቸው ውስጥ አለ። አባታቸው ጸጋ ዘአብ ባለትዳር ካህን ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእግዚእ ኃረያ ጋር በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር እየዘከሩ ድሃ ያበሉ ነበር። ጻድቁ ቡልጋ ውስጥ የተወለዱት ከዚህ ቤት ነው። ትዳርና ጓዳ ከክርስቶስ አላራቃቸውም።

«ጸሎት ላይ ምንም ካልተሰማኝ ርቆኛል ማለት ነው።»

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይነገራል። እኔን የሚገርመኝ ከብርሃኑ በኋላ ያለው ነው። ብርሃኑ አልፎ ሄደ። ንጉሡ ግን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው፣ ከተማቸውን እዚሁ አድርገው፣ በዚህ ብርድ ላይ ቆዩ። ያረፉትም እዚሁ ነው። ጌታም «ትእዛዜን ብትጠብቁ በፍቅሬ ትኖራላችሁ» አለ እንጂ እንባችሁ ከመጣ አላለም። እንባ ሲመጣ ደስ ይላል። ባይመጣም ጸሎቱ ጸሎት ነው።

«ቁርባን የሽማግሌና የሕፃን ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። ከዚያ እናቱ አዝላ ታስቆርበዋለች። ጉርምስና ሲመጣ ይቆማል። እስከ ሽበት ድረስ ቅዳሴ ቆመን፣ ሌሎች ሲቀበሉ አይተን፣ ወደ ቤት። እኔ ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። ጌታ ግን «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» አለ። ዮሐንስ 6፥56። በእኔ ኑሩ ያለን ራሱ መኖሪያውን እዚህ አሳይቶናል። ዕድሜ የሚል ነገር የለበትም።

«ንጹሕ አይደለሁም» እንላለን። እውነት ነው፣ አይደለንም። ንስሐ የተሰጠን ለዚያ አይደል? የንስሐ አባት ያዝ፣ ያለውን ሁሉ ንገራቸው፣ የሰጡህን ቀኖና ፈጽም፣ ሲፈቅዱልህ ጾመህ ቅረብ። «ቆርቤ ብሳሳትስ?» ለሚለውም መልሱ ያው ንስሐ ነው። ወድቆ የተነሣ ልጅ ከቤት አይባረርም።

«ጸበል ሄጄ መጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም በረከት ናቸው። እዚያ ሱባኤ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ግን ሱባኤው ሲያልቅ ጸሎቱም አብሮ ካለቀ፣ እንግድነት ነው የሆነው።

«አገልግሎት ላይ ስላለሁ ደህና ነኝ።»

ጌታ እዚያው ዮሐንስ 15 ላይ «እኔ የወይን ግንድ ነኝ እናንተም ቅርንጫፎች ናችሁ» ብሏል። አገራችን ደጋ ነው፣ ወይን አይሆንለትም። ባሕር ዛፍ ግን ሞልቷል። ገና የተቆረጠ ቅርንጫፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ለቀናት አረንጓዴ ነው፤ ይሸታል። ከሩቅ ላየው አልሞተም። መዝሙሩ፣ ማኅበሩ፣ ሩጫው እንደዚያ ቅጠል ሊያታልለን ይችላል። ሰው ሳያየኝ እጸልያለሁ ወይ? ራሴን የምጠይቀው ይሄንን ነው።

«ጊዜ የለኝም።»

ቤተ ክርስቲያን በቀን 7 የጸሎት ሰዓት ሠርታለች። ሁሉንም መጠበቅ ያልቻለ ማለዳና ማታ ከሚለው ይጀምር። አያቴ መንዝ ውስጥ ሰዓት አልነበራትም። ስትነቃ ታማትባለች፤ እሳት ስታያይዝ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ከዚያ ገብሱን ምጣድ ላይ አፍስሳ እያማሰለች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፤ ደግማ፣ ደጋግማ፣ ቆሎው እስኪደርስ።