ያም ምንድን ነው? የሞንጎሎች ፖስታና ሴቶቹ

የሞንጎል ፖስታ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያየው ፈረሰኛውን ነው። ጣቢያ ይደርሳል፣ ፈረስ ይቀይራል፣ እንደገና ሽምጥ ይጋልባል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ጣቢያው ነው። ያንን ሁሉ እንግዳ ማን ያበላው ነበር?

ያም ሞንጎሎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰፊ ግዛታቸውን ያገናኙበት የፈረስ ቅብብሎሽ ነው። በወጉ ያደራጀው የጄንጊስ ካን ልጅ ኦጎዴይ ነው። ጣቢያዎቹ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። መልእክተኛው ፓይዛ የተባለውን ሰሌዳ ካሳየ ትኩስ ፈረስ፣ ምግብና ማደሪያ ያገኛል።

ጣቢያው ታዲያ መሥሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ። በግዳጅ የተመደቡ አርቢ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ለእርድ በግ፣ ለወተት ባዝራ፣ ለጭነት በሬና ጋሪ ማቅረብ ነበረባቸው። ቤተሰብ ከተመደበ ደግሞ ሚስትም ልጅም አብረው ተመድበዋል ማለት ነው።

በ1253 እ.ኤ.አ. ወደዚያ የተጓዘው መነኩሴ ዊሊያም ሩብሩክ የሞንጎል ቤት ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል ጽፏል። ላም ማለብ፣ ቅቤ ማውጣት፣ ቆዳ ማልፋትና መስፋት፣ ድንኳኑን ጋሪ ላይ መጫንና ማውረድ የሴት ነው። ቀስትና ኮርቻ መሥራት የወንድ ነው። የሚገርመው፣ ባዝራ የሚያልቡት ወንዶቹ ናቸው። ጋሪ መንዳት ግን የሴት ነው፤ አንዷ ሴት ከ20 እስከ 30 ጋሪ አንዱን ካንዱ አስራ ትነዳለች ይላል። ወንዱ መልእክት ይዞ ወይም ዘምቶ ሲሄድ ከብቱም ጓዙም በማን ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያቅትም።

ፈረስ ላይም ቢሆን ሴቶቹ የዋዛ አልነበሩም። ከሩብሩክ በፊት የሄደው የጳጳሱ መልእክተኛ ጆቫኒ ካርፒኒ፣ ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ይጋልባሉ፣ ቀስት የሚይዙም አሉ ብሏል። እሱ ራሱ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት በቀን ደጋግሞ ፈረስ እየቀየረ ነው የደረሰው። በ1246 እ.ኤ.አ. ሲገባ አገሩን ይገዛ የነበረው ማን መሰላችሁ? የኦጎዴይ ሚስት ቶሬገኔ፣ ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኗታል። ሲመለስም ለክረምቱ መንገድ የቀበሮ ቆዳ ካባ የሰጠችው እሷ ናት።

ላይኛዎቹ ሴቶች እንግዲህ በዚህ መስመር ትእዛዝ ያስተላልፉ ነበር። የኦጎዴይ ወንድም ሚስት የነበረችው ሶርጋግታኒ ደግሞ፣ የቶሬገኔ ልጅ ንጉሡ ጉዩክ ወደ ምዕራብ ሲዘምት፣ የምዕራቡን ግዛት ለሚገዛው ለባቱ በምስጢር መልእክት ልካ እንዲጠነቀቅ አድርጋለች። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት የቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ ፓይዛ እንዳሻው ያድል ነበር፤ ነጋዴው ሳይቀር በነፃ ፈረስ ይጋልባል። ዕዳው የጣቢያው ቤተሰብ ነው። በ1251 እ.ኤ.አ. የነገሠው የሶርጋግታኒ ልጅ ሞንግኬ የቀድሞዎቹን ፓይዛዎች አስመለሰ፣ ነጋዴዎችንም ከያም ፈረስ አወረደ።